በሰም ውስጥ የቆየ ሕመም

ኬሪን ኖስኬ ወደ ክፍላችን መጀመሪያ የመጣች ቀን አልቀመጥም አለች። ከአገሯና ከእኛ መሀል ያለውን ባሕረ ሰላጤ ዞራ፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ መኪና ነድታ ነው የደረሰችው። ወንበር ሳብኩላት።

«ቁጭ ማለቱ አይደለም የሚያስቸግረኝ፤ መነሣቱ ነው» አለችኝ። «ቆሜ ልጨርሰው።»

ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መሙላት ጀመረች። አደሌድ ከተማ ውስጥ በአንድ የምርምር ክፍል ነርስ ነኝ፤ ሮስሊን እባላለሁ። ሥራዬ ደም መቅዳት፣ ቅጽ ማስሞላትና ሴቶቹን በየስድስት ወሩ እየደወሉ መጠየቅ ነው። የምናጠናው ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለውን ሕመም ነው። የማሕፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ፣ እንቁላል በሚያፈራው እንቁልጢ ላይ፣ በአንጀቱ ላይ፣ ባልተጠራበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። የወር አበባ በመጣ ቁጥር እሱም አብሮ ይቆጣል፤ ያቆስላል፣ ያጣብቃል። ብዙዎቹን ልጅ ይከለክላል። እስካሁን እርግጡን ለማወቅ ሆድ መክፈት ወይም በእምብርት በኩል ካሜራ ማስገባት ነበር መንገዱ። ጥናታችን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሳይቀደድ በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ ብቻ ማየት ይቻላል ወይ?

ከቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ስትደርስ ቆመች። ሕመምሽን ከዜሮ እስከ አሥር ስጪው ይላል።

«አሥሩ ምንድነው?»

«ልታስቢው የምትችይው፣ ከሁሉም የከፋው ሕመም።»

«እንግዲያው አራት» ብላ ጻፈች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። እንደማያት ስታውቅ፣ «ምን ላድርግ፤ የከፋ ማሰብ እችላለሁ» አለችኝ።

ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሥራዋ በአገሯ፣ ቴሪጋ በሚባል የስንዴ ከተማ፣ በትልቁ የእህል ማከማቻ ውስጥ ነው። ገበሬዎቹ ስንዴውን በጭነት መኪና ያመጣሉ፤ እሷ ከመድረክ ላይ ሆና ረጅሙን የብረት ቱቦ ወደ ጭነቱ ትሰዳለች፣ እርጥበቱን ትለካለች፣ እንክርዳዱን ትቆጥራለች፣ ከዚያ ይህ እዚህ ይራገፍ ያኛው እዚያ ይራገፍ ትላለች። ስለዚህ ጥናቱን ሳስረዳት እንደሌሎቹ ዝም ብላ አልፈረመችም።

«ስዕሉ የለም ካለና ቢላው አለ ካለ ማንን ነው የምታምኑት?»

«ቢላውን።»

«ቢላውስ ሳያይ ቢያልፍ? እኔ ከአንድ መኪና ስድስት ቦታ ሳልወጋ ስለ ጭነቱ አፌን አልከፍትም።»

ጥያቄዋን ጽፌ ለዶክተር ፔሬራ ሰጠኋት። ዶክተር ፔሬራ የጥናቱ ኃላፊ ናት። አንብባ ትንሽ ሳቀች፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የራሷ ጥያቄ አስመስላ አነሣችው።

የኬሪን ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ አበባዋ መጣ፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ጣላት። አሥራ አምስት ሲሆናት የትምህርት ቤት ኔትቦል ጨዋታ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። እናቷ ቬርና የእርሻውን መኪና እየነዳች መጣች፤ ለአስተማሪዋ «ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ነው» አለቻት። መኪና ውስጥ ሲገቡ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሆዴን አመመኝ ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ። ለሐኪምማ በጭራሽ። ጥርስሽን ንከሺና ዋጪው» አለቻት። ኬሪን ጥርሷን ነክሳ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረች። ብሬት የሚባል የኮምባይነር መካኒክ አገባች። ልጅ እምቢ ሲላት፣ በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ፊት ቀርባ ሕመሟን በአፏ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጽንሱን በላቦራቶሪ አዳብረው ማሕፀኗ ውስጥ አስቀመጡላት። አንዱ አልያዘም። ሌላው ሰባት ሳምንት ቆይቶ ሄደ።

ከጥናታችን ጎን የቤተሰብ ክፍል አለን። ሕመሙ በዘር ይወርድ እንደሆነ ለማወቅ እናቶችንና እህቶችን ትንሽ ምራቅ በቱቦ እንዲሰጡን እንጠይቃለን። ኬሪንን ስጠይቃት አፏን አጣመመች።

«እናቴ? እናቴ ምራቋን ለማንም አትሰጥም። እኔ ላይ ለመትፋት ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር።»

«ልደውልላት?»

«እኔ ደውዬላት ነበር። ‹እኔ ሕመም የለብኝም› ብላ ዘጋችብኝ። በዓመት አንዴ ወደኛ ስትመጪ ግን ሂጂና ሞክሪያት። ኬክ ታቀርብልሻለች። ቱቦሽን ግን ባዶውን ይዘሽ ትመለሻለሽ።»

በነሐሴ ወር፣ በክረምቱ መጨረሻ፣ ለገጠሩ ዙር ወጣሁ። ቴሪጋ የደረስኩት ረቡዕ ዕለት ረፋድ ላይ ነው። ቬርና ባሏ ኸርብ ከሞተ በኋላ እርሻውን ለወንድሙ ልጅ ትታ ከተማው ውስጥ ትንሽ የድንጋይ ቤት ገብታለች። በሩን ስትከፍትልኝ እጇ እስከ ክንዷ ድረስ ብርቱካን በብርቱካን ነበር። ማርማላታ እየሠራች ነው።

«ኬሪን ናት የላከችሽ።»

«አዎ። ግን እርስዎ ካልፈለጉ እኔ...»

«እርስዎ አትበይኝ፤ ገና ስልሳ ሁለቴ ነው። ግቢ። ቢላ ያዢ። ልጣጩን ቀጭን አድርገሽ ክተፊ፤ የወፈረ ከሆነ አይበስልም።»

ገባሁና ከተፍኩ። አንድ ሳህን ሙሉ እስክከትፍ ድረስ ስለ ዝናቡ ብቻ ነው ያወራችኝ። ከዚያ እሷው ራሷ አመጣችው።

«ምራቅ ምን ያደርግላችኋል?»

ነገርኳት። ከአንድ እናት በተወለዱ ሴቶች ላይ ደጋግሞ እንደሚታይ፣ መንገዱ ግን ገና እንዳልታወቀ።

«እኔ ሕመም የለብኝም።»

«አሁን ነው ወይስ ድሮም?»

ድስቱን አማሰለች። «ድሮም አልነበረብሽም ተብያለሁ» አለች።

‹ተብያለሁ› ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሥራዬ ሆኖ ብዙ ሴቶች ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ሰው ስለ ራሱ ገላ እንዲህ ሲናገር ከኋላው ሌላ ሰው አለ። መክተፌን ቀጠልኩ፤ እሷም ታሪኩን አወጣችው።

ኬሪንን በወለደች በሦስተኛው ዓመት ነው፣ ሠላሳ ሁለት ሲሆናት። ወር በመጣ ቁጥር በጓሮው በር በኩል ወጥታ፣ በግ የሚሸለትበት ጎተራ ውስጥ ገብታ፣ የሱፍ ክምሩ ላይ በሆዷ ትተኛ ነበር፤ ኸርብ እንዳያያት። ሁለተኛ ልጅ አልመጣም። አንድ ቀን ግን አያት። ይዟት ወደ ከተማ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ ሽማግሌ፣ የተከበረ ሰው ነበር። ነርቭ ሊሆን ይችላል አላት፤ ቢሆንም ይህን ያህል የምታማርሪ ከሆነ እናውጣልሽና ትገላገያለሽ አላት። ማሕፀኗንና አንዱን እንቁልጢ አወጡት።

«ከዚያ ዶክተሩ አልጋዬ ጋ መጣ። ኸርብ ቆሞ ነበር። ‹ምንም የተገኘ ነገር የለም፤ ሚስትህ ጤነኛ ናት› አለው። ለእኔ አይደለም የነገረው፤ ለእሱ ነው። ኸርብ ደስ አለው። አመሰገነው።» ማንኪያውን አስቀመጠች። «ገባሽ? ምንም የሌለበትን ማሕፀን ነው አማርሬ ያስወጣሁት። ኸርብ አራት ልጅ ነበር የሚፈልገው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። ባይናገረኝም እኔ አውቀው ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ሕመሙስ?»

«ቀነሰ። አልጠፋም። ግን በምን አፌ? አንዴ ምንም የለብሽም ከተባልሽ በኋላ በምን አፍሽ ታማርሪያለሽ?»

«ለዚህ ነው ኬሪንን ለሐኪም እንዳትናገሪ ያልሻት?»

ቀና ብላ አየችኝ። ልጇ ይህን እንደነገረችኝ አልጠበቀችም ነበር።

«ሴት አመመኝ ስትል ቢላ ይዘው ነው የሚመጡት» አለች። «ቆርጠው ካወጡ በኋላ ‹ምንም አልነበረም› ይላሉ። የእሷ እንዳይወሰድ ነው።»

«ይህን ነግረሻታል?»

«ምን ብዬ? እናትሽ በከንቱ አማርራ ወንድምና እህት አሳጣችሽ ብዬ?»

ያን ጊዜ የነገርኳት ነገር ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንጂ ለማጽናናት አልነበረም። ከሰው ገላ የወጣ ሥጋ ሲመረመር ቅንጣቱ በሰም ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል። አንዳንድ ቤተ ሙከራዎች አይጥሉትም። አርባ ዓመት የቆየ አግኝተን እናውቃለን። ከፈረመችልን ማፈላለግ እንችላለን አልኳት።

«የእኔን? ሠላሳ ዓመት ሙሉ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። «ማን ፈቀደላቸው?»

«ማንም። ያኔ አይጠየቅም ነበር።»

ቅጹንና ቱቦውን ስኳር ጣሳው ሥር አስገባችው። አልፈረመችም። ኬክ በልቼ፣ ሁለት ብልቃጥ ማርማላታ ይዤ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጥቅል በፖስታ መጣ። በወጥ ቤት ፎጣ የተጠቀለለው ቱቦ ውስጥ ምራቁ ከመስመሩ በላይ ሞልቷል፤ ቅጹ ተፈርሟል። ሌላ አንድ ቃል የለውም።

ኬሪን በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቀዶ ሕክምናዋን አደረገች። ከመከሩ በፊት ካልሆነ አይሆንም ብላ ነበር፤ ኅዳር ሲገባ የእህል ማከማቻው ለሰው ሆድ ቀን አይሰጥም። ከዚያ በፊት ስዕሏን ያነበበው ሐኪም ያየውን ጽፎ ቆልፎታል፤ ቀዶ ሐኪሟ እንዳታየው ነው ደንቡ። በኋላ ሁለቱን ስናስተያይ፣ ስዕሉ አራት ቦታ ብሏል፤ ቢላውም አራት ቦታ አግኝቷል። ግን አራቱ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ሦስቱ ገጠሙ። ስዕሉ ሕመም ነው ያለው አንዱ፣ ሲከፈት ጠባሳ ብቻ ሆነ። አንዱን ደግሞ፣ ከአንጀቷ ጀርባ ተለጥፎ የነበረውን፣ ስዕሉ ጭራሽ አላየውም።

ዶክተር ፔሬራ ሳትደባብቅ ነገረቻት። ኬሪን አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ አዳመጠች።

«ከአራት ሦስት» አለች። «እኛ ጋ በዚህ ውጤት መኪና አይራገፍም።»

«እኛም ጋ ገና አይራገፍም» አለቻት ዶክተሯ። «ለዚህ ነው መቶ ሰማንያ ሴት የምንፈልገው።»

የቬርና ቅንጣት የተገኘው በኅዳር አጋማሽ ነው። በካርቶን ሣጥን ውስጥ ሦስት የሰም ቁራጮች፣ እያንዳንዱ ከቴምብር የማይበልጥ። የሥጋ ናሙና የሚመረምረው ፓቶሎጂስታችን ከያንዳንዱ ላይ ስስ ስስ አድርጎ ቆርጦ፣ ቀለም ነክሮ አየው። ዶክተር ፔሬራና እኔ በተጠራንበት ክፍል ውስጥ፣ «እኔ አዲስ ነገር አልነግራችሁም» አለን። «እዚሁ አለ።» አንድ የድሮ የጽሕፈት መኪና ወረቀት ዘረጋልን። ከቁራጮቹ ጋር አብሮ የተቀመጠ የዚያን ጊዜ ውጤት ነው። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ፣ የማሕፀኑ ውጫዊ ገጽና የግራ እንቁልጢው ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለ፣ መጠኑም ብዙ እንደሆነ ተጽፏል። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው። ከሥሩ ደግሞ በሌላ ብዕር፣ በእጅ፣ ‹ሕመምተኛዋ ተረጋግታለች› ይላል።

ሽማግሌው ሐኪም ከሞተ ቆይቷል። ሳያነብ ቀርቶ እንደሆነ፣ አንብቦም መንገሩ አያስፈልግም ብሎ እንደሆነ አይታወቅም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የእኔ ሥራ አይደለም።

ይህ በስልክ የሚነገር አልነበረም። ኬሪን ለስድስተኛ ሳምንት ምርመራዋ ልትመጣ ነበር፤ ቬርና አብራት መጣች። ለልጇ «አደሌድ ጨርቅ ልገዛ ነው» ብላታለች። ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ግን፣ «እኔም ቀጠሮ አለኝ» አለች።

ኬሪን እኔን አየችኝ፤ እኔ ወረቀቴን አየሁ።

«ልውጣ?» አለች ኬሪን።

«ተቀመጪ» አለቻት እናቷ። «ሁለት ጊዜ ማውራት አልችልም።»

ዶክተር ፔሬራ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ መስመር በመስመር ነገረቻት። ቬርና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ነበረብኝ ማለት ነው።»

«ነበረብሽ።»

«በጽሑፍ።»

«በጽሑፍ።»

«መቼ ነው የተጻፈው?»

ዶክተሯ ቀኑን አየች። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዘጠነኛው ቀን።»

«በዘጠነኛው ቀን» አለች ቬርና፣ «እኔ ገና እዚያው አልጋ ላይ ነበርኩ። በአሥራ ሁለተኛው ነው የወጣሁት።»

ኬሪን ፊቷ ተለዋውጦ ከእናቷ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ እናቷ ትመለከት ነበር። እናቷ ማሕፀን እንዳልነበራት እንኳ ያን ዕለት ነው ያወቀችው። ቬርና ለእኔ የነገረችኝን፣ ከሱፍ ክምሩ እስከ ሽማግሌው ሐኪም ያለውን፣ አሳጥራ ነገረቻት። ያን ቀን መኪና ውስጥ ለምን ዝም በይ እንዳለቻትም ነገረቻት።

«እኔ እኮ የምታፍሪብኝ ነበር የሚመስለኝ» አለች ኬሪን።

«ማፈሩንማ አፍሬ ነበር። በራሴ ነው።»

ኬሪን ወደ ዶክተር ፔሬራ ዞረች። «በአሥራ አምስት ዓመቴ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አሁን ልጅ ይኖረኝ ነበር?»

ዶክተሯ ወደ ቬርና ተመለከተች።

«ንገሪያት» አለች ቬርና። «ለኔ ብለሽ አታለስልሺ።»

«አላውቅም» አለች ዶክተሯ። «ቀድሞ የታከመ ሁሉ አይወልድም፤ ዘግይታ ታክማም የምትወልድ አለች። ግን ጊዜ ነበረሽ። ያ ጊዜ ሄዷል። ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር የለኝም።»

ቬርና ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሰማ ሰው። ከዚያ የመጣችበትን ጠየቀች፦ ቁራጩን ላየው እችላለሁ ወይ አለች።

ወደ ታች ወሰድኳት። ፓቶሎጂስቱ መስታወቱን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገብቶ ወንበሩን ለቀቀላት። መነጽሯን አወለቀች፣ ጎንበስ አለች። ሐምራዊና ሮዝ ነው የሚታየው፤ ክብ ክብ ሠርቶ፣ ቦታው ባልሆነው ሥጋ መሀል የተተከለ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

ረጅም ጊዜ አየች። «ኸርብ ይህን ሳይሰማ ሞተ» አለች፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ። ለማን እንደተናገረች አላውቅም። ፓቶሎጂስቱ መስኮቱን መመልከት ጀመረ።

የመልሱን መንገድ የነገረችኝ ኬሪን ናት፣ ከወራት በኋላ። እስከ ፖርት ኦገስታ ከተማ ድረስ አልተነጋገሩም። እዚያ ቆመው ሥጋ ያለው ፓይ በሉ። ከዚያ በኋላ ቬርና ማውራት ጀመረች፤ ነገሩን ቅደም ተከተል ሳታስይዘው፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ኸርብ፣ ለአስተማሪዋ ስለዋሸችው ውሸት። ቀጥላ ያለችውን ከተማ፣ ዋያላን፣ ሳያልፉ ኬሪን ጮኸችባት። በሕይወቷ ጮኻባት አታውቅም። መኪናውን ጥግ አስይዛ ወረደችና በቁጥቋጦው ዳር በእግሯ መሄድ ጀመረች። ስፌቷ እየሳባት ነበር፤ ነፋሱም ኃይለኛ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሞተር ድምፅ ሰማች። ቬርና ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሻግራ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ በእግረኛ ፍጥነት ከጎኗ እየነዳች ነው።

«ግቢ» አለቻት። «ልትጮሂ ከሆነም ውስጥ ሆነሽ ጩሂ። በዚህ ነፋስ ምንም አልሰማሽም።»

«መስማት ትፈልጊያለሽ?»

«አሁን አዎ።»

ገባች። እየጮህኩባት ሄድኩ አለችኝ፣ እስከ ቀጣዩ ከተማ እስከ ኮዌል ድረስ። ቬርና ስትነዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደየቅደም ተከተሉ ልናገር። ቬርና ለሆስፒታሉ ጻፈች። ካሣ አልጠየቀችም፤ ‹ተረጋግታለች› የሚለው እንዲታረምላት ነበር የጠየቀችው። ከአምስት ወር በኋላ መልስ መጣላት። ለእኔ በስልክ አነበበችልኝና፣ «ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ ‹ተሳስተናል› የምትል ቃል ግን የለችበትም» አለች። ከዚያ በላይ አልገፋችውም። ይልቁንስ በቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ማኅበር ላይ፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ ተነሥታ፣ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ኬሪን ከኋላ ተቀምጣ ነበር። አንዲት ሴትዮ እዚህ የሚወራ ነገር አይደለም ብላ ኮቷን ለብሳ ወጣች። ሌሎቹ ቀሩ። ከዚያ ወር ጀምሮ ከቴሪጋና ከአካባቢው ቱቦ ይመጣልን ጀመር፤ ሠላሳ አንድ ቱቦ፣ ሁሉም በወጥ ቤት ፎጣ የተጠቀለለ። ፎጣ እንደማያስፈልግ ብነግራትም አልሰማችኝም። አንዷ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሌላዋን ቬርና መኪናዋ ውስጥ አስገብታ፣ ሞልተሽ ካልሰጠሽኝ አላወርድሽም ማለቷን ሰምቻለሁ፤ ጥናት እንዲህ እንደማይደረግ አስረድቻታለሁ። «በፈቃዷ ነው» አለችኝ፤ «ፈቃዷ ትንሽ ዘገየ እንጂ።» ያን ቱቦ መልሰን ሴትዮዋን ራሴ ደውዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና አዲስ ቱቦ እንድልክላት ፈቀደች።

ኬሪን ሕመሟ ቀነሰ። በየስድስት ወሩ ስደውል አንዳንዴ ሁለት ትለኛለች፣ አንዳንዴ አምስት። አምስት ስትለኝ ከድሮው አራት ጋር እንዴት እንደማወዳድረው አላውቅም፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ። በተከታዩ ዓመት መጋቢት ላይ በላቦራቶሪው ቀዝቅዞ ቀርቶ የነበረውን ሦስተኛውን ጽንስ አስቀመጡላት። ቬርና አብራት መጥታ ከውጭ ጠበቀች። አልያዘም። ከዚያ በኋላ እሷና ብሬት ተነጋግረው አቆሙ። የደወለችልኝ በመከር መሀል ነው፤ ከኋላዋ የመኪናዎቹ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ቅጽሽ ላይ ‹ልጅ ለማግኘት እየሞከሩ ነው ወይ› የሚል አለ አይደል?»

«አለ።»

«እሱን ለውጪው።»

«አሁን?»

«አሁን፤ ስልኩን ሳልዘጋ። ከዘጋሁ በኋላ ደግሜ ልደውልልሽ አልችልም።»

ለወጥኩት። ለወጥኩት አልኳት። አመሰገነችኝና፣ የመኪናው ሾፌር እየጠበቀኝ ነው ብላ ዘጋች። እኔ ደግሞ ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ ትንሽ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።

ጥናቱ ባለፈው ዓመት ታተመ። ስዕሎቹ ትልልቁንና ጥልቁን ሕመም በደንብ ያያሉ፤ በላይ በላዩ የተበተነውን ትንሹን ገና አያዩም። የቤተሰቡ ክፍል ብዙ አልነገረንም፤ ሺህ እናቶች ያስፈልጉናል። ለሁሉም ሴቶች አንዳንድ ቅጂ ላክሁ። ቬርና በሳምንቱ ደወለች።

«አንብቤ ጨረስኩት። አንዱም አልገባኝም። እኔ የት ነኝ?»

«ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ። ‹በቀድሞ ናሙና የተረጋገጠ› የሚለው ረድፍ።»

ገጽ ስትገልጥ ተሰማኝ። «ዘጠኝ ይላል።»

«ዘጠኝ ሴቶች ናችሁ።»

«ሌሎቹ ስምንቱስ? እነሱም ሳይነገራቸው የቀሩ ናቸው?»

«አራቱ።»

«በሕይወት አሉ?»

«ይህን ልነግርሽ አልችልም፣ ቬርና።»

«አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።» ወረቀቱን ስታስቀምጥ ተሰማኝ። «ኬሪን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ትመጣለች አሁን። ሲያማት ሶፋው ላይ ትተኛለች። ‹አመመኝ› ትላለች፤ በሙሉ ድምፅ። ጎረቤት ይሰማታል።»

«አንቺስ ምን ትያታለሽ?»

«‹የት ጋ?› እላታለሁ» አለች። «ሌላ ምን ይባላል።»